አውቶሞቢል በብርድ ጊዜ ለመነሣት ስለሚያስቸግርበት ምክንያት

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በደጋው አገር ውርጭ ይወርዳል። እንደ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2700 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ያደረ አውቶሞቢል፥ ማታ በደኅና ቆሞ ሳለ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር አቃስቶ ዝም ይላል፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ግን ማንም ሳይነካው ይነሣል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። ባለቤቱም ብዙ ብር አውጥቶ አዲስ ይገዛል፤ በማግሥቱ መኪናው እንደ ትናንቱ ሆኖ ይገኛል። በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ አንድ መኪና ብቻ ባለበት አገር፥ እንዲህ ያለው የችኮላ ፍርድ የሚያመጣው ጉዳት ከገንዘቡ ይበልጣል።

ሞተር እንዲነሣ ፈጥኖ የሚያዞረው ኃይል፥ በልክ የተቀላቀለ ነዳጅና አየር፥ ነዳጁንም የሚያቀጣጥል ትኩሳት ያስፈልገዋል። ብርድ ሦስቱንም ይጎዳል፤ የትኛው እንደ ጎደለ ግን አስቀድሞ የሚለየው ጆሮ ነው።

ሞተሪኖው በዝግታ እየጎተተ ቢዞር ወይም «ቀጭ» ብሎ ቢቀር፥ ጉድለቱ በማዞሪያው ኃይል በኩል ነው። ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው እርሳሱና አሲዱ እርስ በርሳቸው ሲሠሩ ነው፤ ይህም ሥራ በብርድ ይዘገያል። ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ኃይሉ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት እንደ ረጋ ማር ስለሚወፍር፥ ደካማው ባትሪ ከወትሮው የከበደ ሸክም ይጫነዋል። ሞልቶ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሹ ያህል ጎድሏል። ዳሩ ግን ባትሪው ከመወቀሱ በፊት ሽቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ሁለቱ ጫፎች ይታዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደ ሆነ፥ የነጌቲቩ ሽቦ አስቀድሞ ተፈትቶ ይጠረጋሉ፤ ነገሩ በዚህ ብቻ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ዘይቱም ይመርመር፤ በቆርቆሮው ላይ «ደብሊው» ከሚለው ፊደል በፊት የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቀጥኖ ይፈስሳል።

ሞተሪኖው በብርታት እያዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው። በቤንዚን በሚሠራው ሞተር ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ፤ ደረቅ ቢሆን ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ርሶ ቢገኝ ቤንዚኑ ደርሶ እሳቱ ጎድሏል፥ ወይም ቤንዚኑ ከልክ በላይ በዝቷል።

የናፍጣው ሞተር ጠባይ ሌላ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ በፈረንጆች ቁጥር በ1897 ዓ.ም. በሥራ ባሳየው ብልሃት፥ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ትኩሳት እንጂ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ አይደለም። መምህሩ ይህን በብስክሌት መንፊያ ለተማሪዎች ሊያሳይ ይችላል፤ ጫፉ በጣት ተደፍኖ ደጋግሞ ሲገፋ መንፊያው ይሞቃል። የቀዘቀዘ ብረት ይህን ትኩሳት ይሰርቃል፤ የደጋውም አየር ስስ ስለ ሆነ ሲታመቅ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ አየሩን አስቀድሞ የሚያሞቅ ካንዴሌታ ተደረገለት፤ ሾፌሩም የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ሊታገሥ ይገባል። ሞተሪኖው ሲያዞር ነጭ ጢስ ቢወጣ፥ ናፍጣው ደርሶ አልነደደምና ካንዴሌታዎቹ ይመርመሩ። ምንም ጢስ ባይወጣ ናፍጣው አልደረሰም። በእጅ መግፊያው ፖምፓ ጥቂት ከተገፋ በኋላ የሚነሣ ከሆነም፥ ሌሊቱን በአንድ የላላ ማሰሪያ አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው።

ከሞተሩ በታች እሳት ማንደድ መኪናውን ከነሰዉ ሊያቃጥል ይችላል። ኤተር የሚባለውን ፈጥኖ የሚነድ ፈሳሽ በአየር መሳቢያው መርጨትም የጋለ ካንዴሌታ ሲያገኘው ፈንድቶ ሞተሩን ይሰብራል። ከሁሉ የሚከፋው መኪናውን በተዘጋ ቤት አስነሥቶ ማሞቅ ነው፤ ከጢሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

መካኒክ ዘንድ ሲኬድ «አልነሣም አለ» ከማለት ይልቅ፥ መኪናው ስንት ሰዓት እንደ ቆመ፥ ሞተሪኖው በፍጥነት ወይም በዝግታ እንደ ዞረ፥ የጢሱም መልክ ምን እንደ ነበረ ተጽፎ ይሰጠው። መኪናው ከእርሱ ዘንድ የሚደርሰው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነውና፥ የጠዋቱን ምልክት ከዚህ ጽሑፍ በቀር የሚነግረው የለም።