ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ተማሪ ከትምህርቱ ውጭ ምን ይሥራ?



በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆች መካከል ሐኪም ለመሆን የሚደክሙት ጥቂቶች አይደሉም። በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት የሚገባው ተማሪ በዋናው የሚለየው በፈተና ውጤት ስለሆነ፥ እዚያ ያለው ልጅ ደብተሩን አጥፎ በሆስፒታል ሲላላክ መዋሉ ለወላጆቹ ጊዜ ማባከን ሊመስላቸው ይችላል። ነገሩ ግን ጥቅም ያለው ነው።

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው የአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ከተፈጸመ በኋላ ሲሆን፥ እርሱም ሌላ አራት ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1876 የተቋቋመው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሚያዘጋጀው የማመልከቻ ቅጽ ላይ፥ ተማሪው ከክፍል ውጭ የፈጸማቸውን ተግባሮች እስከ 15 ድረስ ይዘረዝራል። ከነዚህም ውስጥ ይበልጥ ትርጉም የሰጡትን እስከ 3 ድረስ መርጦ በሰፊው ያብራራል።

ከተግባሮቹ አንደኛው ሐኪምን ተከትሎ መዋል ነው፤ ተማሪው ዳር ቆሞ ይመለከታል እንጂ አያክምም። ሁለተኛው በሽተኞችን በነፃ ማገልገል፥ ይኸውም በተሽከርካሪ ወንበር መግፋትና ጠያቂ የሌለውን ማጫወት ነው። ሦስተኛው በቤተ ሙከራ ተመራማሪዎችን መርዳት ሲሆን፥ አራተኛው ድሆችን እንደ መመገብና ሕፃናትን እንደ ማስጠናት ያለ በጎ አድራጎት ነው። በአምቡላንስ ረዳትነት በደመወዝ የሚሠሩም አሉ።

ይህ ሁሉ የደካማ ውጤት ምትክ አይሆንም። ነገር ግን ፈተና የማይገልጠውን ጠባይ፥ ማለት ትዕግሥትን፥ ምሥጢር ጠባቂነትንና ከሰው ጋር ተባብሮ መሥራትን ያሳያል። ለተማሪውም ቢሆን ሙያውን አስቀድሞ መመርመሪያ ነው። የሰውን ሥቃይና የሌሊቱን ተራ አይቶ ሥራው እንደማይስማማው የተረዳ ወጣት፥ ይህን ከከባድ የትምህርት ዕዳ በፊት ማወቁ ትልቅ ትርፍ ነው።

አንዳንዶች ግን የቅጹን 15 ቦታዎች ለመሙላት ሲሉ ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው ይሯሯጣሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንድን የበሽተኞች ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ያገለገለ ተማሪ፥ በቃል ሲጠየቅ የሚናገረው አያጣም፤ በአሥር ማኅበር ስሙን ብቻ ያስመዘገበው ግን የሚመልሰው ያጥረዋል።

ስለዚህ ወላጆችና ዘመዶች ሆይ፥ በስልክ ስታገኟቸው «ስንት ሰዓት ሞላህ?» ከማለት ይልቅ «ማንን ረዳህ? ከርሱስ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መርማሪዎቹም አንድ ቀን የሚጠይቋቸው ይህንኑ ነው።