የካርቱኒስቱ አሮጌ ደብተር... ይቀደድ ወይስ ይቀመጥ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አሮጌ ሥራ ነው። መቼም ልብስ ሰፊውም፣ ግጥም ጻፊውም፣ ሥዕል ሣዩም የድሮ ሥራውን ሲያይ ወይ ይኮራል ወይ ያፍራል። ያፈረበትንስ ምን ያድርገው? ይህን ጥያቄ ያመጡልኝ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ አንድ ካርቱኒስት ናቸው። ስማቸው ይቆየን፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በፍሪላንስ ነው። ደመወዝ የለ፣ ጡረታ የለ! ካርቱኑ ወጣ፣ ሒሳብ መጣ፤ ካርቱኑ ቀረ፣ ሒሳብም ቀረ። እኔም በጽሑፍ የማድረው እንደዚያው ስለሆነ ኑሮው አይጠፋኝም። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ እሳቸው ወጣት ነበሩ፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ግን ብዙዎቹ ጋዜጦች ተዘጉ። ያለቀላቸው ሥዕሎችም በየዝግጅት ክፍሉ እንደገቡ ቀሩ። ዛሬ በእጃቸው ያለው በእርሳስ የተነደፈው ረቂቅ ብቻ ነው... ሰባት የተማሪ ደብተር።

አንድ በአንድ እየገለጡ አሳዩኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ረቂቁ ከታተመው ይጣፍጣል! አንድ የታክሲ ረዳት ለመሣል አፉን ስድስት ጊዜ ሞክረውታል፤ ስድስተኛው ላይ ጩኸቱ የሚሰማ ይመስላል። "ጋሼ፣ መስመሩ ለምን ወፈረ?" አልኳቸው። "የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል ልጄ፤ ቀጭን መስመር ይበላሻል" አሉኝ። ደብተር ላይ ሞክረው የተሳካውን ወደ ንጹህ ወረቀት ይገለብጣሉ፣ በጥቁር ቀለም ይደግሙታል፣ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ ያጠፉታል። ልፋቱ የሚታየው ደብተሩ ላይ ብቻ ነው።

አራተኛው ደብተር ላይ ግን አንዷን ገጽ ቶሎ አለፏት። "ይቺስ?" ብል ዝም አሉ። ቆይተው ራሳቸው መልሰው ገለጧት። አጥንቱ የወጣ ሰው ሱሪውን በገመድ አስሮ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹ ከኋላው ይጠቋቆማሉ። ኤድስ በሹክሹክታ የሚነሣበት ዘመን ነበር። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የከሳ ሰው እንዴት መጠቋቆሚያ ይሆን እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ካርቱኑ ወጣ፣ አንባቢ ሳቀ፣ ሒሳብ ተከፈለ።

በሁለተኛው ዓመት የገዛ ወንድማቸው ከሳ። "ያንን ጋዜጣ አጣጥፎ ትራሱ ሥር አኑሮት ነበር። አንድም ቀን አላነሣብኝም" አሉኝ። ወንድምየው መድኃኒቱ ሳይደርስለት አረፈ።

ገጿ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከጥግ በኩል ያው ሰው መጀመሪያ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ተነድፎ ነበር፤ ዓይኑ በደንብ ይታያል። ከዚያ በላዩ መስመር ተሰርዞበታል። "ፊቱ ሲታይ አላሳቀም። ስለዚህ አዞርኩት" አሉኝ።

አሁን ልጃቸው ረቂቆቹን ለወዳጅ ዘመድ ማሳያ በአንድ ልታስጠርዛቸው ነው። ያቺ ገጽ ትቀደድ ወይስ ትቀመጥ?

ጋሼ፣ አይቅደዷት! ብትቀደድ የታተመው ቀልድ አይጠፋም፤ ጋዜጣው በየሰዉ ቤት ይገኝ ይሆናል። የሚጠፋው የሰውየው ፊት ነው፤ ያለው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነዋ! ግን ከታክሲ ረዳቱ ቀጥላ ለሣቅ አትቅረብ። ከሥሯ ዓመቱንና ለእኔ የነገሩኝን በራስዎ እጅ ጽሕፈት ያስፍሩ። የወንድምዎን ልጆች ግን አስቀድመው ያማክሩ፤ ታሪኩ የእነሱም ነው።

በፍሪላንስ ለምትሠሩ ወጣቶችም ሦስት ነገር ልበል፦

አንደኛ፣ ረቂቅ ስትሠሩ ቀኑንና ለማን እንደሠራችሁት ዕለቱኑ ጻፉበት።

ሁለተኛ፣ ዋናውን ከማስረከባችሁ በፊት በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በስልካችሁ አንሡት። በእርሳስ የተሠራው እንዳይደበዝዝ በገጾቹ መካከል ንጹህ ወረቀት አስገቡ። የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናልና ከፀሐይ አርቁት።

ሦስተኛ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ይጠብቃል፤ ጥበቃው በሠዓሊው ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ነው። በትእዛዝ ስትሠሩ ግን መብቱ የማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። "እንተማመናለን" የሚሉት ነገር ስንቱን ባዶ እጁን አስቀርቷል!

እናንተስ አንባቢያን ምን ትላላችሁ? በጋሼ ቦታ ብትሆኑ ገጿን ምን ታደርጓት ነበር? ሳምንት ያገናኘን።