የግቢ በር ከእንጨት ወይስ ከብረት?

የአርሶ አደሩ ሀብት የሚያድረው ከግቢው በር ውስጥ ነው። በሩ ከወደቀ ከብቱ ለሌባና ለጅብ ይጋለጣል። ስለዚህ የበር ምርጫ የማኅበር መሪዎችም ምክር ሊሰጡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በተቋቋመው የአዲስ አበባው መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሥፍራ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ነው። የብረት በር ምስጥ አይበላውም፤ ዝናብም አያጣምመውም። ጠላቱ ዝገት ነው። ዝገት የሚጀምረው ብየዳው ካረፈበትና ቀለሙ ከተፋቀበት ቦታ በመሆኑ፣ ገዥው በሩ ቀለም ሳይቀባ ብየዳውን ማየት፣ ጸረ ዝገት መቀባቱንም ማረጋገጥ ይኖርበታል። ማጠፊያው ሲነቀል ደግሞ በያጅና ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ቀበሌ በሩ ተጋድሞ ይከርማል።

የእንጨት በር ግን በመጋዝና በመዶሻ እዚያው ይጠገናል። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይበላል። ሆኖም ጽድና ወይራ ለማደግ ረዥም ዘመን ስለሚፈጁ ሙሉ በር ከእነርሱ መሥራት ደንን መጉዳት ነው።

በመሆኑም በያጅ በራቀበት አካባቢ የሚሻለው ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን ከመርካቶ ገዝቶ፣ ሳንቃውን ከጓሮ ባሕር ዛፍ መሥራት ነው። ጽድ መሬት ውስጥ ለሚቀበሩት ሁለት ምሰሶዎች ብቻ ይበቃል። ሳንቃው አንድ ጋት ያህል ከመሬት ከፍ ቢል ከምስጥና ከእርጥበት ይድናል።

በያጅ ቅርብ ሆኖ ብረት የመረጠም የምሰሶዎቹን ርቀት በገመድ ለክቶ ወደ ገበያ ይሂድ። ልኩን የሳተ ብረት እንደ ሳንቃ በመጋዝ አይስተካከልም።