«ከሱ ጋር አላድርም!» ለምትሉ

ወጣቶች፣ የዶርም ጓደኛችሁ ምን ዓይነት እንዲሆን ትመርጣላችሁ? «ንጹሕ፣ የማያንኮራፋ» ካላችሁ ደህና! «የብሔሬ ልጅ» ካላችሁ ግን እንነጋገር፡፡

ጂንካን እንውሰድ፡፡ የአሪ፣ የሐመር፣ የበና፣ የሙርሲ ልጅ ለትምህርት ብሎ የሚገናኝባት ከተማ ናት፡፡ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዋ ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ ይቀበላል፡፡ «ለአርብቶ አደር ልጆች የተለየ አዳሪ ቤት መለያየት ነው» የሚል አይጠፋም፡፡ ኧረ አይደለም! መንደሩ ሩቅ የሆነ፣ ከተማ ዘመድ የሌለው ልጅ የት አድሮ ይማር? መጠለያ ካጣ ደብተሩን ጥሎ ወደ ከብቱ ነው፤ ሴቷም ወደ ትዳር፡፡ መለያየት ማለት ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ፣ አማርኛው ሲሳቅበት፣ «ሻንቅላ» ሲባል ነው፡፡

ይቺ ቃል ቀልድ እንዳትመስላችሁ፡፡ የአፄ ምኒልክ ጦር ደቡብን ከያዘ በኋላ ስንቱ ሰው እየተፈነገለ ሲሸጥ የተጠራባት ናት፡፡ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ፡፡ ስድቡስ? የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ሸምድዶ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብሎ ፈተና ያለፈ ልጅ፣ ማታ ጓደኛውን ከሰደበ ምኑን ተማረው?

እንግዲህ ምክራችን ይቺ ናት፡፡ ብሔሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት፡፡ በቋንቋው ሰላምታ ተማሩ፡፡ ማስታወሻ አውሱት፡፡ ሌላው ሲሰድበው ደግሞ አትሳቁ፡፡ የሚስቅለት ያጣ ተሳዳቢ ውሎ አድሮ ዝም ይላል!