ወገብ ሲያም እንዴት እንተኛ?

ማለዳ ከመኝታችን ስንነሣ ቁመታችን ማታ ከነበረው በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ረዝሞ ይገኛል። ቀኑ ሲመሽ ተመልሶ ያጥራል። አብዛኞቻችን ሳናስተውለው የሚያልፈው ይህ ለውጥ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ሌሊቱን እንዴት ቢያሳልፍ እንደሚሻለው ለመረዳት ጥሩ መነሻ ይሆነናል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ የአረጋውያን ብቻ አይደለም፤ ረጅም ሰዓት አጎንብሶ የሚያጠና ተማሪም ያውቀዋል።

አከርካሪያችን 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች ያሉት ሲሆን በመካከላቸው ዲስክ የሚባሉ 23 ትራስ መሰል ክፍሎች ይገኛሉ። የዲስኩ ዙሪያ በጠንካራ ጭረቶች የተጠቀለለ ነው፤ መካከሉ ግን ብዙ ውኃ የያዘ ዝልግልግ ነገር ነው። ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል የሰውነታችን ክብደት ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምቆ ያስወጣዋል። ስንተኛ ጫናው ስለሚቀንስ ዲስኩ ውኃውን መልሶ ይመጥጣል፤ የቁመታችን ማጠርና መርዘም ምክንያቱም ይኸው ነው።

ይህ ጫና በመሣሪያ ተለክቷል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሶን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በመርፌ አማካይነት የዲስክን ውስጣዊ ግፊት ለክተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሌላ ጥናትም የአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ሲለካ፣ ሰውየው ሲቆም 0.5 ሜጋ ፓስካል የነበረው ግፊት በጀርባው ሲተኛ ወደ 0.1 ዝቅ ብሏል። በሰባት ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ግን ዲስኩ ውኃ እየመጠጠ በመሄዱ ግፊቱ ወደ 0.24 ከፍ አለ።

ታዲያ በየትኛው አኳኋን እንተኛ? ዋናው መርሕ የአከርካሪውን ተፈጥሯዊ ቅርጽ መጠበቅ ነው። በጎን ስንተኛ የላይኛው እግራችን ወደ ፊት ሲወድቅ ዳሌያችንንና ወገባችንን ጠምዝዞ ይጎትታል። ጉልበቶቻችንን ጥቂት አጥፈን በመካከላቸው ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ብናስገባ ይህ መጠምዘዝ ይቀንሳል። በጀርባ የሚተኛ ሰው ደግሞ ያንኑ ከጉልበቱ ሥር ቢያደርግ የወገቡ መታጠፍና የጡንቻው መወጠር ይላላል። በሆድ መተኛት ወገብን ወደ ውስጥ ያጎብጣል፤ አንገትንም ወደ ጎን ያዞራል። ሌላ አኳኋን ለማይመቸው ሰው ስስ ትራስ ከሆዱ ሥር ማድረግ ይረዳል። ሁሉም ሰው ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ሕመሙን የሚቀንሰው አኳኋን ለእርሱ ትክክለኛው ነው።

«ለወገብ ሕመም ጠንካራ መኝታ ይበጃል» የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ የታመነ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በስፔን ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ 313 ሰዎች ተከፍለው ግማሾቹ በጠንካራ፣ ግማሾቹ በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀናት እንዲተኙ ተደርጎ ነበር። የተሻለ ለውጥ ያሳዩት በመካከለኛው የተኙት ናቸው። በጣም ጠንካራ መኝታ ትከሻንና ዳሌን ይቆረቁራል፤ መካከሉ የሰመጠ የስፖንጅ ፍራሽ ወይም የረገበ የሽቦ አልጋ ደግሞ ወገብን ያጎብጣል። አዲስ ፍራሽ መግዛት ለማይችል ተማሪ በረገበው ሽቦ ላይ ጣውላ ማንጠፍና በላዩ ፍራሹን መዘርጋት ቀላል መፍትሔ ነው።

ማለዳ ዲስኮቻችን በውኃ የተሞሉና የተወጠሩ ስለሆኑ ወዲያው አጎንብሶ ጫማ ማሰር ወይም ባልዲ ማንሣት ይጎዳቸዋል። በጎን ተገልብጦ፣ እግርን ከአልጋው አውርዶ፣ በእጅ ተደግፎ መነሣት ይሻላል። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን መድኃኒት አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ203 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሁለት ቀን ብቻ እንዲተኙ የታዘዙት ሰባት ቀን ከታዘዙት ይልቅ ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ነበሩ።

በመጨረሻም የትኛውም ትራስ የማይፈታው ሕመም እንዳለ ልናሳስብ እንወዳለን። በየትኛውም አኳኋን ብንተኛ የማይታገሥ የሌሊት ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። በሽታው በሀገራችን የሚገኝ ሲሆን በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን አከርካሪን አጉብጦ እግርን እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። እግር ከዛለ፣ በጭንና በመቀመጫ አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ ደግሞ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።