«ግዛ» የሚለው ምክርና የቤተ ሰብ ጥሪት

አንድ ቤተ ሰብ ከዕለት ጉርሱና ከዓመት ልብሱ ተርፎት ያጠራቀመው ገንዘብ ቢኖር፥ ያ ገንዘብ የአባት ድካም፥ የእናት ቁጠባ፥ የልጆችም ተስፋ ነው። ይህን ጥሪት በአክሲዮን ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል፤ ይኸውም «የማንን ልግዛ?» እና «መቼ ልግዛ?» የሚሉት ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ በገበያው ውስጥ ያረጁትን ሰዎች እንኳ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ይህንን ጭንቀት ያቃልላል ተብሎ በተለይ በአሜሪካ የተለመደው ዘዴ ለአክሲዮኖች ደረጃ መስጠት ነው። ልጆቻቸው በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆችም ስለዚህ ነገር መስማታቸው ስለማይቀር፥ የነገሩን መሠረት ለአንባብያን ልንገልጥ ወደድን። የውጭ አገሩን ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አክሲዮን ማለት ከአንድ ኩባንያ ሀብት የተቆረሰ ድርሻ ነው። ኩባንያው ሲያተርፍ ባለ አክሲዮኑ ይጠቀማል፤ ሲከስርም ድርሻው ይረክሳል። ደረጃ የሚባለው ደግሞ ኩባንያውን የመረመረ ባለሙያ የሚሰጠው አጭር ፍርድ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ «ግዛ»፥ «ያዝ»፥ «ሽጥ» በሚሉ ቃላት ይነገራል። በቍጥር ወይም በኮከብ የሚያመለክቱም አሉ።

ነገር ግን የደረጃው ትርጓሜ እንደ ሰጪው የተለያየ ነው። ቫሊዩ ላይን የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት ከ1965 ጀምሮ 1,700 ያህል አክሲዮኖችን ከ1 እስከ 5 በሆነ ቍጥር መመደብን ሥራው አደረገ፤ 1 ቍጥርን የሚያገኙት 100 ብቻ ሲሆኑ፥ ፍርዱም የሚመለከተው የሚመጡትን ከ6 እስከ 12 ወራት ነው። ሞርኒንግስታር የሚሰጠው ኮከብ ግን የገበያውን ዋጋ ድርጅቱ ራሱ ከገመተው ተገቢ ዋጋ ጋራ ያነጻጽራል። ስለዚህ 5 ኮከብ ማለት ኩባንያው ከሁሉ ይበልጣል ማለት ሳይሆን፥ ዋጋው ከግምቱ እጅግ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ጠንካራ በሬም ቢሆን ከዋጋው በላይ ከተገዛ ለገዢው አያዋጣም። እንግዲህ የደረጃውን ትርጓሜ ሳያውቅ ኮከብ ቈጥሮ የሚገዛ ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሰምቶ እሺ እንደሚል ሰው ነው።

ምክሩ ይጠቅማልን? ይህን ጥያቄ በሚገባ ከመረመሩት አንዱ አልፍሬድ ካውልስ የተባለው አሜሪካዊ ነበረ። እርሱ 16 የገንዘብ አማካሪ ድርጅቶች ከ1928 እስከ 1932 ባለው ጊዜ የሰጡትን 7,500 ያህል ምክር መርምሮ በ1933 ጽሑፉን አሳተመ። ውጤቱም ምክሩን የተከተለ ሰው ከአክሲዮኖች ጠቅላላ አማካይ በዓመት 1.43 በመቶ ያህል ያነሰ ያገኝ እንደ ነበረ የሚያሳይ ሆነ። ዋጋ ከፍሎ የተገዛው ምክር ያለ ምክር ከሚገኘው በታች ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በኤንሮን ኩባንያ የደረሰው ነው። የቴክሳሱ የኃይል ኩባንያ አክሲዮን በ2000 በጋ አንዱ በ90 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። በ2001 መጨረሻ ከ1 ዶላር በታች ወረደ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ውድቀቱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እንኳ ስለ ኩባንያው ከሚጽፉት ባለሙያዎች የሚበዙት «ግዛ» ይሉ ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የጡረታ ቁጠባቸውን በዚሁ አክሲዮን አድርገው ስለ ነበረ፥ ሥራቸውንና የሽምግልና ጥሪታቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። አባቶች «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የስሕተቱ ምክንያት ያለማወቅ ብቻ አልነበረም። መርማሪው የሚሠራበት ባንክ ከዚያው ከሚመረመረው ኩባንያ ሥራ እየተቀበለ ብዙ ገንዘብ ያገኝ ስለ ነበር፥ «ሽጥ» ብሎ መጻፍ ደንበኛን ማስቀየም ይሆናል። በ2002 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሜሪል ሊንች ባለሙያዎች በአደባባይ የሚያመሰግኑትን አክሲዮን እርስ በርሳቸው በሚላላኩት ደብዳቤ ሲያንኳስሱ ማግኘቱን ገለጠ፤ ድርጅቱም 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2003 ደግሞ 10 ታላላቅ ድርጅቶች ክሱን ሳያምኑም ሳይክዱም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲህ የመርማሪውንና የባንክ ሥራውን የሚለይ ጥብቅ ደንብ ወጥቷል፤ ሆኖም ሰው ከሚጠቀምበት ወገን ማዘንበሉ በደንብ ብቻ የሚጠፋ አይደለም።

ይህን ስንል ግን ደረጃ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ኬንት ዎማክ የተባሉት መምህር በ1996 ባሳተሙት ጥናት፥ አዲስ የ«ግዛ» ምክር ከወጣ በኋላ አክሲዮኑ ከገበያው በልጦ የሚያገኘው ጭማሪ 2.4 በመቶ ያህል ብቻ እንደ ሆነና ቶሎ እንደሚያበቃ፥ አዲስ የ«ሽጥ» ምክር ሲወጣ ግን አክሲዮኑ በ6 ወር ውስጥ 9.1 በመቶ ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር አሳይተዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ቈይቶ ከኖረው ደረጃ ይልቅ የደረጃው መለወጥ ይናገራል። ሁለተኛ፥ ለማመስገን የሚቸኩል ሰው ብዙ ነውና፥ ደፍሮ የሚያስጠነቅቀው ይበልጥ ሊደመጥ ይገባዋል።

እንግዲህ አስተዋይ የቤት አባትና የቤት እመቤት ደረጃ ሲቀርብላቸው እነዚህን ይጠይቁ። ደረጃው የሚመዝነው ዋጋውን ነው ወይስ የኩባንያውን ጥንካሬ? ለስንት ጊዜ የተሰጠ ፍርድ ነው? ሰጪው ከኩባንያው ጋራ ምን ጥቅም አለው? ከሚሰጣቸውስ ደረጃዎች ስንቱ «ግዛ»፥ ስንቱ «ሽጥ» ነው? ይህን የመጨረሻውን በአሜሪካ ያሉ ድርጅቶች በሚያወጡት ጽሑፍ ግርጌ በመቶኛ እንዲገልጡ ከ2002 ጀምሮ ታዝዟል፤ ሁሉን «ግዛ» የሚል ሰው ምንም እንዳልመከረ ይቈጠራል።

ደረጃው በተለወጠ ቍጥር መግዛትና መሸጥም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተ ሰቦችን መዝገብ መርምረው፥ እጅግ አዘውትረው የሚገበያዩት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ ገበያው በጠቅላላው 17.9 በመቶ እንደ ሰጠ አረጋግጠዋል። ልዩነቱን የበላው በአብዛኛው የመገበያያው ወጪ ነው።

በአገራችን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተጀምሮ ከአብዮቱ በኋላ የተቋረጠው የአክሲዮን ንግድ፥ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በመከፈቱ አዲስ በር አግኝቷል። ስለዚህ የኛ ቤተ ሰቦች የሌላውን አገር ልምድ ሳይከስሩ መማር ይችላሉ። አክሲዮን ለመግዛት ያሰበ ሰው ኩባንያው ያወጣውን መግለጫና የተመረመረውን ሒሳብ ራሱ ያንብብ፤ ማንበብ የማይችል ቢሆን የተማረ ልጁን አስቀምጦ ያስነብብ። ትርፉ ከየት እንደሚመጣ፥ ዕዳውም ምን ያህል እንደ ሆነ ይጠይቅ። ድርሻውን መልሶ ለመሸጥ ቢፈልግ ገዢ ይገኝ እንደ ሆነም አስቀድሞ ይወቅ።

«መቼ ልግዛ?» ለሚለው የመጀመሪያ መልስ የሚገኘውም ከገበያው ሳይሆን ከቤት ነው። ለትምህርት ቤት ክፍያ፥ ለሕመምና ለክፉ ቀን የሚሆነው ገንዘብ ሳይቀመጥ፥ ወይም በብድር ገንዘብ፥ ስንትም ኮከብ ቢሰጠው አክሲዮን የሚገዛበት ጊዜ አልደረሰም። ይህ ከተሟላ በኋላ ለብዙ ዓመት የማይፈለገውን ገንዘብ በአንድ ኩባንያ ላይ ሳያከማቹ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየገዙ መቈየት ይሻላል። የባለሙያውን ደረጃ እንደ አንድ ሽማግሌ ቃል ይስሙት፤ ነገር ግን ፍርዱን ከመስጠት በፊት ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ይምከሩበት፤ ቢጠፋ የሚጐዱት እነርሱና ልጆቻቸው ናቸውና።