አግዳሚውና ሳቢው ገመድ
የትንሽ የሸራ ጀልባ አገጣጠምና በውስጡ ያለው የሥራ ክፍፍል

በነፋስ የሚሄድ ጀልባ ሁሉ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው ሸራውን ዘርግቶ የሚይዝ እንጨት፥ ሁለተኛው ደግሞ የተዘረጋውን ሸራ እንደ ነፋሱ ሁኔታ የሚስብና የሚለቅ ገመድ ነው። የእነዚህ የሁለቱ አገጣጠም ለመርከበኞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ጀልባውን ለመምራት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግና ዕውቀቱ በማን እጅ እንደሚገኝ የሚገልጽ በመሆኑ፥ የሕዝቦችን አኗኗር ለሚመረምር ሁሉ ትምህርት ይሰጣል።

በዚህ ጽሑፍ ከምሰሶው ወደ ኋላ ተጋድሞ የሸራውን የታች ጠርዝ የሚይዘው እንጨት «አግዳሚ»፥ እርሱን የሚቈጣጠረው ገመድ «ሳቢ ገመድ» ተብለዋል። እንግሊዞች አግዳሚውን «ቡም» ይሉታል፤ ቃሉን የወሰዱት ከሆላንዶች ሲሆን በሆላንድ ቋንቋ ትርጕሙ ዛፍ ማለት ነው። ሳቢውን ገመድ «ሺት» ይሉታል፤ የዚህም ቃል ሥር በጥንታዊው እንግሊዝኛ የጨርቅን ማዕዘን ያመለክት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ስም ከእንጨቱ ምንጭ፥ ሁለተኛው ገመዱ ከሚታሰርበት ከሸራው ማዕዘን የተገኘ ነው።

፩. አግዳሚ የሌለው ሸራ

የአግዳሚውን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ አግዳሚ የሌለውን ሸራ ማየት ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ፥ በላሙና በዛንዚባር የሚገኙት የስዋሂሊ ጀልባዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሸራው «ፎሮማሊ» በሚባል ረጅም እንጨት ላይ ታስሮ፥ እንጨቱ ከምሰሶው ላይ አዘንብሎ ይሰቀላል። የሸራው የታች ጠርዝ ግን ምንም እንጨት ስለሌለው በነፋስ ኀይል ብቻ ይነፋል። የኋላውን የታች ማዕዘን የሚይዘው ሳቢ ገመድ «ዴማኒ» ይባላል። ይኸው ስም ብርቱው የደቡብ ነፋስ እየለዘበ ለሚሄድበት፥ ከነሐሴ መጨረሻ ገደማ እስከ ኅዳር ላለው ወቅትም ተሰጥቷል። የገመዱና የወቅቱ ስም አንድ መሆኑ ገመዱ በዚያ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታል።

እንዲህ ያለው ሸራ ከሰው ራስ አጠገብ የሚወዛወዝ እንጨት ስለሌለው፥ ሰውም ሆነ ዕቃ በጀልባው ውስጥ ያለ ስጋት ይቀመጣል። ነገር ግን ሸራውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማዞር ሲፈለግ ጀልባው ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል፤ ፎሮማሊው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሸራውና ሳቢው ገመድም በምሰሶው ፊት ዞረው ወደ ሌላው ጎን ይሻገራሉ። ትልቅ ጀልባ ሲሆን ይህ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። እያንዳንዱ በየቦታው ቆሞ በአንድ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፤ ዕውቀቱም በባሕር ላይ፥ በብዙ እጆች መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል።

፪. ባለ አግዳሚው የልጆች ጀልባ

ለተቃራኒው ምሳሌ የሚሆነው «ኦፕቲሚስት» የተባለው ትንሽ ጀልባ ነው። ክላርክ ሚልስ የተባለ የጀልባ ሠሪ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር፥ በክሊርዎተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ከኮምፔንሳቶ ሠራው፤ ዓላማውም ልጆች በአነስተኛ ዋጋ ጀልባ እንዲያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ወደ ዴንማርክ ከገባ በኋላ በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይገኛል። ርዝመቱ 2.3 ሜትር፥ የአካሉ ክብደት 35 ኪሎ ግራም፥ የሸራው ስፋት ወደ 3.3 ካሬ ሜትር ነው። እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ብቻውን ይመራዋል። በስዋሂሊ ጀልባ ብዙ ሰዎች የሚሠሩትን ሸራ የማሻገር ሥራ በዚህኛው አግዳሚው ራሱ ይፈጽመዋል፤ ልጁ መሪውን ሲያዞር አግዳሚው ከነሸራው በራሱ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራልና።

፫. በየብስ ላይ የሚፈጸመው ሥርዐት

ይህ ቅለት ግን ዋጋ አለው። በባሕር ላይ የቀረው ሥራ አስቀድሞ በየብስ ላይ መፈጸም አለበት። በመጀመሪያ የጀልባው ፊት ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ይህ ካልሆነ ሸራው ገና ሲሰቀል ነፋስ ይሞላውና ጀልባውን ይገለብጣል። ሸራው ከምሰሶው ጋር በትናንሽ ገመዶች ይታሰራል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ከ10 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ይወስናል። ምሰሶው በቀዳዳው ከተተከለ በኋላ እንዳይነቀል ሌላ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ይህ ከተረሳ ጀልባው ሲገለበጥ ምሰሶው ከመትከያው ይወጣል።

አግዳሚው እንደ መንጋጋ በተከፈተ ጫፉ ምሰሶውን ይነክሳል። ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይንሸራተት አንድ አጭር ገመድ ይይዘዋል፤ የሸራው የኋላ ማዕዘን ከሌላኛው ጫፉ ጋር ይታሰራል። ይህ ማሰሪያ ነፋስ ሲበረታ ጠበቅ ተደርጎ ሸራው ጠፍጣፋ እንዲሆን፥ ነፋስ ሲደክም ላላ ተደርጎ ሆድ እንዲያወጣ ይደረጋል። ከአግዳሚው ሥር ወደ ምሰሶው ግርጌ የሚወርድ ሌላ ገመድ አለ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ አግዳሚው ወደ ላይ ይነሣና ሸራው ይጠመዘዛል፤ ይህ ገመድ አግዳሚውን ወደ ታች በመሳብ ይከለክለዋል። በመጨረሻ የሸራውን የላይ ማዕዘን የሚገፋው አዘንባይ ዘንግ ይወጠራል። ከምሰሶው ጫፍ ወደ አግዳሚው ጫፍ የሚወርድ ሽብሽብ ከታየ ዘንጉ ላልቷል ማለት ነው፤ ሽብሽቡ ከላይኛው የኋላ ማዕዘን ወደ ምሰሶው ግርጌ ከወረደ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል።

፬. ሳቢው ገመድ

ሳቢው ገመድ ከአግዳሚው ተነሥቶ በጀልባው ወለል ላይ ባለ መዘውር ያልፋል፤ ተመልሶ በአግዳሚው መዘውር ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ወደ ወለሉ ወርዶ ወደ ልጁ እጅ ይደርሳል። አግዳሚውን የሚስቡት የገመዱ ክፍሎች ሦስት ከሆኑ፥ የመዘውሮቹ ሰበቃ ሳይቈጠር፥ እጅ የሚያወጣው ኀይል አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ የሚሳበው የገመድ ርዝመት ግን ሦስት እጥፍ ነው። አግዳሚው ከጀልባው ጎን ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን ከሠራ በኋላ ወደ ፊት እንዳያልፍ በገመዱ ላይ ቋጠሮ ይደረጋል። አግዳሚው ከዚያ ካለፈ ጀልባው ነፋስ ወደሚመጣበት ጎን እየተንከባለለ ሊገለበጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ሳቢውን ገመድ ከጀልባው ጋር አስሮ አለመተው ነው። ድንኳን የሚተክል ሰው አውታሩን ከካስማ ጋር አጥብቆ ካሰረ በኋላ ያርፋል፤ የድንኳኑ ደኅንነት በመታሰሩ ነውና። የትንሽ ጀልባ ደኅንነት ግን በመለቀቅ ነው። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ እጅ ገመዱን ከለቀቀ ሸራው ነፋሱን ያፈሳል፥ ጀልባውም ይቃናል፤ ገመዱ ታስሮ ከሆነ ግን ነፋሱ ሸራውን ሞልቶ ጀልባውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ የጀልባ መምህራን ልጁ መጀመሪያ መልቀቅን፥ ቀጥሎ መሳብን እንዲለምድ ያደርጋሉ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን አግዳሚው ሳይታሰብ በብርታት ሊሻገር ስለሚችል፥ ራስን ዝቅ ማድረግም ከዚሁ ትምህርት ጋር የሚሰጥ ነው።

፭. ማጠቃለያ

ሁለቱን አሠራሮች ማነጻጸር አንዱን የላቀ፥ ሌላውን ያነሰ ለማለት አይደለም። የስዋሂሊው ጀልባ ወለሉን ለጭነትና ለሰው ነጻ አድርጎ የሸራውን ሥራ ለብዙ እጆች ያካፍላል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው አይቶ ያርማል። ባለ አግዳሚው ጀልባ የእነዚያን ሰዎች ሥራ ለአንድ እንጨትና ለጥቂት ቋጠሮዎች ሰጥቶ ብቸኛውን ልጅ የጀልባው ጌታ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በየብስ ላይ የተረሳን ቋጠሮ በውኃ ላይ የሚያርምለት ባልንጀራ የለውም። ስለዚህ የአግዳሚውና የሳቢው ገመድ ሥርዐት በትውልድ መካከል ሲተላለፍ፥ የሚተላለፈው የአስተሳሰር ዘዴ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ያረፈ የብዙ ሰዎች ጥንቃቄ ጭምር ነው።